«ነገ ጠዋት እጠፋባችኋለሁ»

ጠፍሩ የመጣው በጤፍ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው። ያመጣው ጎልማሳ መስኮቴ ላይ ቆሞ «ትርንጎ እምትባዪው አንቺ ነሽ?» ሲለኝ፣ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ስለነበር ቀና ብዬ እንኳ በደንብ ሳላየው «ተራህን ጠብቅ» አልኩት። ጠበቀ። ከሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ቆመና ተራው ሲደርስ ከረጢቱን በመስኮቱ አሾልኮ ሰጠኝ።

«አያ ፈንቴ ነው የላከው። የመንግሥት ነው፣ መልሱልኝ ብሏል።»

ፈታሁት። የመስመር ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ወገቡን ከእንጨቱ ጋር የሚያስርበት ሰፊ የቆዳ ጠፍር ነው። ቅቤ እየተቀባ ኖሮ እንደ ጨርቅ ለስልሷል።

«ራሳቸው ምነው አላመጡትም? እግራቸው ባሰባቸው እንዴ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ኩታውን አዘቅዝቆ መልበሱን ያስተዋልኩት።

«ካረፈ እኮ አንድ ወሩን ሊደፍን ነው» አለኝ። «እኔ የልጁ ባል ነኝ።»

ያን መስኮት በሥራ ሰዓት ዘግቼ አላውቅም። ያን ቀን ዘጋሁት። ከውጭ አንዷ «እንዴ! ይቺ ልጅ አበደች?» ስትል ይሰማኛል። ጠፍሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንሽ ተቀመጥኩና መልሼ ከፈትኩት። አያ ፈንቴ ቢያዩኝ «ዘጋሁባችሁ ብለሽ ነግረሻቸዋል?» ነበር የሚሉኝ።

አያ ፈንቴ የመብራት መሥሪያ ቤታችን የመስመር ሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ጎንደር ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ መብራት የሌለው ሰው ብቻ ነው እንዳልል፣ መብራት የሌላቸውም ያውቋቸዋል፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻም እሱ ነው። አገራቸው ላይ አርማጭሆ፣ ከትክል ድንጋይ ትንሽ ወዲያ ነው። በልጅነታቸው ለቆሎ ትምህርት ጎንደር መጥተው፣ ቅኔ ቤት ገብተው፣ በኋላ የመብራት ምሰሶ ጉድጓድ ለመቆፈር ተቀጥረው እዚያው ቀሩ። «ጉድጓድ ልቆፍር ወርጄ ምሰሶ ላይ ወጣሁ» ይሉ ነበር፤ በሕይወታቸው ያገኙት ሹመት እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት ደንበኞች መስኮት ላይ ተቀጠርኩ። ቁጭ ብሎ መዋል የማልችል ልጅ ነኝ፤ ቁጭ ብሎ መዋል ሥራዬ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን አያ ፈንቴ ፒንሳቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው፣ ቆባቸውን አውልቀው መስኮቷን ከውጭ አዩልኝ።

«ይች መስኮት ዝቅ ብላ ነው የተሠራች። ሰው ጎንበስ ብሎ ነው እሚያናግርሽ» አሉኝ።

«እና ላፍርሳት?»

«አንቺም ጎንበስ በይ።»

ስብከት መሰለኝና ጠላሁት። ለሁለት ወር ያህልም ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠኋቸውም።

የእሳቸው ልማድ እንዲህ ነበር። ነገ አንድ ሰፈር ምሰሶ ሊቀየር ወይም ሽቦ ሊወጠር ከሆነ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሰፈር በር ለበር ይዞራሉ። የቆርቆሮውን በር በፒንሳው እጀታ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ውሾቹ እንኳ ያንን ድምፅ ለይተው ያውቁታል፤ አይጮኹም። በሩ ሲከፈት ቆባቸውን ያወልቁና «ነገ ጠዋት እጠፋባችኋለሁ፤ ለምሳ እመለሳለሁ» ይላሉ። እንዲህ ነው የሚሉት፤ «መብራት ይጠፋል» ሲሉ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሳልጠይቃቸው ማለፍ አቃተኝ። «ምነው አያ ፈንቴ፣ የሚጠፉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«'መብራት ይጠፋል' ብላቸው ማንን ይጠይቁ? ሰማዩን?» አሉኝ። «'እጠፋባችኋለሁ' ስላቸው ግን ባልመለስ እሚሰድቡት ሰው አላቸው።»

በዚህ መሐል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ ጓድ አሥራት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛቸው የተጠረገ፣ ዕቅድ የሚሉትን ነገር ከልባቸው የሚወዱ ሰው ነበሩ። የአያ ፈንቴን ዙረት ሲሰሙ ግን ጆሯቸውን አላመኑም።

«የመስመር ሠራተኛ ሥራው መስመር ላይ ነው። በሰው በር ላይ ምን ይሠራል? ግማሽ ቀን ለወሬ?»

«ለወሬ ነው ጌታዬ» አሉ አያ ፈንቴ። «ወሬው 'እጠፋለሁ' የሚል ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ጓድ አሥራት አልሳቁም። ያኔ ዙረቱ በዚያው ሳምንት ይቆም ነበር፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ አንድ ደብዳቤ መጣ። በደንበኞች አገልግሎት ላይ የተሞክሮ ልውውጥ ስብሰባ ጎንደር ላይ ይደረጋል፤ ከየአውራጃው መብራት ቤቶች ሰው ይመጣል፤ አስተናጋጇ ከተማም የራሷን ተሞክሮ ታቀርባለች ይላል። ጓድ አሥራት ሁለታችንንም ጠሩን።

«አያ ፈንቴ፣ ይህ የእርስዎ ነገር ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ስብሰባው ይፍረድ። ሥራ ነው ካለ ይቀጥላል። አይደለም ካለ ዙረቱ ይቆማል፤ እርስዎም ጡረታዎ እስኪደርስ ሞተር ቤቱን ይጠብቃሉ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አብረሽ ዙሪና ሪፖርቱን ጻፊ።»

አያ ፈንቴ ቆባቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩ ጀመር። የሞተር ቤት ጥበቃ ማለት ለእሳቸው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሞተር ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ሰው የሚባል አይደርስበትም። ከሰው ጋር ሳያወሩ የሚውሉ ሰው ደግሞ አልነበሩም። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ያዘንኩት ለጫማዬ ነው።

ዙረቱን የጀመርነው ቁስቋም ነው። ዳገቱ ላይ እኔ አለከልካለሁ፤ እሳቸው መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይሄዳሉ። ያን መዝገብ ሳየው ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። በብራና ላይ የሚጻፍ በሚመስል ሸጋ የእጅ ጽሕፈት፣ እያንዳንዱ ቤት መብራቱን ለምን እንደሚፈልገው ተጽፏል። «ወይዘሮ ታየች፤ ስፌት፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል አይጠፋባት።» «መርጌታ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ በአምፖል ይጽፋሉ፤ ደመና ይታይ።» «ግንቡ ሥር ያለችው አራስ፤ ብርድ።» አንዳንዱ ስም በቀይ ቀለም ነው የተጻፈው።

«አያ ፈንቴ፣ በቀይ የሚጻፈው የቅዱሳን ስም አልነበረም እንዴ?»

«ነው።»

«አራሷ ቅድስት ናት?»

«እሷን አላውቅም። ብጠፋባት ግን እምትጎዳ ናት። ጣቴ ስሟ ላይ ቆም እንዲልልኝ ነው በቀይ የጻፍኋት።»

መርጌታን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«መርጌታ፣ ነገ ጠዋት እጠፋብዎታለሁ።»

«ፀሐይ ካለች ምን ቸገረኝ። ደመና ከሆነስ?»

«ደመና ከሆነ ከላይኛው ምሰሶ እጀምራለሁ።»

«ከላይኛው ምሰሶ ማን አለ?»

«ጠዋት እሚተኛ ሰው።»

መርጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ወይዘሮ ታየች ግን አልሳቀችም፤ መርፌዋን በአፏ ይዛ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከሚያንኳኳ ሰው ሁሉ እንዳንተ የምጠላው የለም!»

«ምነው?»

«አንድ ቀን እንኳ 'አልጠፋም' ልትል መጥተህ አታውቅማ!»

«እሽ፣ ዛሬ ሰኞ ነው፤ ነገ እምጠፋው በመርጌታ መስመር ነው። ባንቺ እስከ ሐሙስ አልጠፋም።»

«እሰይ! ቡና ሳይፈላልህ እንዳትሄድ» አለች፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ወጡ። ቡና በየቤቱ ቢጠጡ ኖሮ ጓድ አሥራት እውነታቸውን ይሆን ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ወደ ቀሐ ወንዝ ወረድን። ከወንዙ ወዲህ ዳር ወፍጮ ቤት አለ፤ ከገጠር እህል የሚያስፈጭ ሰው በዚያ መንገድ ነው የሚመጣው። በትክል ድንጋይ በኩል ያለው የናፍጣ ወፍጮ ናፍጣ ካጣ ቆይቶ ስለነበር አህያው ሁሉ ግማሽ ቀን ተጉዞ ቀሐ ይደርሳል። አያ ፈንቴ መሻገሪያው ላይ ቆመው ወደ አገሩ የሚመለሰውን ሁሉ ያስቆማሉ። «ማክሰኞ እጠፋለሁ፤ ለጎረቤት ንገሩ።» «እማማ፣ ማክሰኞ አይምጡ፤ ረቡዕ ይምጡ።» ፀሐዩ አናቴን ሊፈልጠው ደረሰ።

«እነዚህ እኮ ደንበኞቻችን አይደሉም» አልኩ። «ቆጣሪ የላቸውም። መዝገባችን ላይ የሉም።»

አያ ፈንቴ የአንዷን አህያ ጀርባ በእጃቸው አሳዩኝ፤ ጭነቱ ልጧታል። «ይችን አህያ ግማሽ ቀን አስጉዤ፣ ወፍጮው ቆሞ ብትጠብቀኝ፣ ጭነቷን ይዛ ብትመለስ፤ ያስመለስኳት እኔ አይደለሁ? ቆጣሪ ያለው ባለ ወፍጮው ነው። እምጠፋው ግን በእሷም ላይ ነው።»

ሰው ሲረታኝ እናደዳለሁ። ተናድጄ ሪፖርቱ ላይ «ከደንበኛ ውጭ ለሆኑ ሰዎች ጊዜ ይጠፋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ማንም አላስገደደኝም። አያ ፈንቴ ለዘመድ ለቅሶ አገራቸው ሄደው ሳለ ጓድ አሥራት የቀረውን የቁስቋምንና የቀሐን ሥራ ወደዚያው ሳምንት ሐሙስ አመጡት። «ማስታወቂያ አዘጋጂ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ዳገት የሚያስቀር ብልሃት በእጄ ነበር። በጽሕፈት መኪና ጻፍኩት፤ «ለሰፊው ሕዝብ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሐሙስ ጠዋት መብራት እንደሚጠፋ አስረዳሁ፤ ክቡን ማኅተም መታሁበት፤ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ራሴ ሄጄ ለጠፍኩ። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ስመለስ እየዘፈንኩ ነበር።

የዚያ ዘመን ሰው ስለሆንኩ ማወቅ ነበረብኝ። ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ክብ ማኅተም ያለው አዲስ ወረቀት ሲለጠፍ ወንድ ልጅ ያላት እናት የውትድርና ጥሪ መስሏት እንደምትደነግጥ፣ ወንድሞች ያሉኝ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ወረቀቱን ማንም ቀርቦ አላነበበውም። ከሩቅ ማኅተሙን አዩ፤ አንዱ ደፍሮ «ሐሙስ ጠዋት» የሚለውን ብቻ አነበበ። በቃ። ረቡዕ ማታ የቁስቋም ወጣት ግማሹ አክስቱ ዘንድ፣ ግማሹ አጎቱ ዘንድ ሄዷል። ሐሙስ ጠዋት መብራቱ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ የሰማሁት ከወይዘሮ ታየች ነው። የተማሪዎች ልብስ ግማሽ እጅጌ ላይ ቆሞባት እጅጌውን እንደያዘች መስኮቴ ላይ መጣች። «ፈንቴ ሞቷል እንዴ?» አለችኝ። «ሳይነግረኝ የጠፋው እኮ ሞቶ ነው!»

ከመስኮቴ ተነሥቼ ወደ ቀሐ ሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱ ፀጥ ብሏል። በሩ ላይ አህዮች ከነጭነታቸው ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ደግሞ አያ ፈንቴ ቆመዋል። ከአገራቸው ሲመለሱ ከሴትዮዋ ጋር ነው የመጡት፤ እማማ ደብሬ ይባላሉ፤ ጎረቤታቸው ናቸው። ልጃቸው ከግንባር አልተመለሰም። መርዶው የደረሰው ዘግይቶ ነው። የተጫነው እህል የተዝካሩ ነበር።

«ማን ነገራቸው?» አሉኝ አያ ፈንቴ።

«ሰሌዳ ላይ ለጥፌአለሁ።»

«ማኅተም አለው?»

«አዎ፣ ክብ ማኅተም...» ብዬ ስጀምር ራሴው ገባኝ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ ደብሬ ቀና ብለው «ተይው ልጄ፣ እንመለሳለን፤ እዳችን ነው» አሉኝ። ያችን አባባል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እኔ ያጠፋሁትን እሳቸው የራሳቸው ዕዳ አደረጉት።

አያ ፈንቴ ወደ ምሰሶዎቹ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሠራተኞቹ ገና ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። አሮጌው ምሰሶ እንደቆመ ነው፤ ሽቦውም አልወረደም።

«ጉድጓድ ለመቆፈር መብራቱን ምነው አጠፋችሁት?»

«ጓድ አሥራት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ይጥፋ ብለዋል።»

«ሽቦው ጋ እስክትደርሱ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል?»

«ድንጋይ ነው አያ፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።»

«እንግዲያው ቆፍሩ። ሽቦ የሚነካ ሰው እንዳይኖር። ላብራ ነው።» ሁሉም ከምሰሶው መራቁን አንድ በአንድ አዩ፤ ስማቸውን እየጠሩ። ከዚያ ሠራተኞቹ ዘንድ ትተውት የሄዱትን ጠፍራቸውን ታጥቀው ወጡና ያጠፉትን መለሱ። ከወዲያ በኩል ወፍጮው ሲያጓራ ተሰማ። እማማ ደብሬ ወዲያው አልተነሡም፤ መጀመሪያ አማተቡ።

እህሉ ተፈጨ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፤ ምሰሶውም በዚያው ቀን ተተከለ። አያ ፈንቴ የሥራ መዝገቡ ላይ በዚያ ሸጋ ጽሕፈታቸው «በእኔ ትእዛዝ በርቶ እንደገና ጠፍቷል» ብለው ፈረሙ። ጓድ አሥራት መዝገቡን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ያለ ፈቃድ ትእዛዝ መሻር!» አሉ። «ይህንንም ስብሰባው ይየው።»

ስብሰባው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከየአውራጃው የመጡት በየረድፋቸው ተቀምጠዋል፤ ከፊት አንድ ሽበታም መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። አያ ፈንቴ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። የማነበው ጓድ አሥራት ያረሙልኝን ሪፖርት ነው። «በሰፊው ሕዝብ ንቁ ተሳትፎና በወቅቱ በተለጠፉ ማስታወቂያዎች አማካይነት...» ላይ ስደርስ ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን እውነት አይደለም።»

የጓድ አሥራት እስክሪብቶ ቆመ። አፌ አንዴ ከጀመረ አይመለስም። ስለ መዝገቡ ነገርኳቸው፤ ስለ ቀይ ቀለሙ፣ ስለ አህያዋ፣ ስለ እማማ ደብሬ። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ መሆኔን፣ ማንም እንዳላነበበው፣ በእኔ ስንፍና የሟች እህል ሊመለስ እንደነበር ነገርኳቸው። «አያ ፈንቴ ትእዛዝ የሻሩት የእኔን ጥፋት ሊያርሙ ነው» አልኩ።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማስታወቂያው በግልጽ ተጽፎ ከተለጠፈ ሰው ለምን አላነበበውም?»

ለምን እንዳላነበበው የማያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም፤ የሚናገረውም አልነበረም። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። እኔ ደግሞ አፌን ልከፍት ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። አያ ፈንቴ ቆባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ጌታዬ፣ ሰሌዳዋ ከፍ ብላ ነው የተሰቀለች። አንገት ታሳምማለች።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው ሳቅ ነበር። መሐንዲሱም ፈገግ አሉ። ያዳኑኝ አያ ፈንቴ ናቸው፤ ያን ቀን አፌን ብከፍት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም።

«ይህን ሥራ ግን» አሉ መሐንዲሱ፣ «እርስዎ ያውቁበታል። ለሌላ ሰው ማስተማር ይቻላል?»

«እሷን ጠይቋት» አሉ አያ ፈንቴ፤ ቁጭ አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ይቻላል» አልኩ። «እኔ ከተማርኩ ማንም ይማራል።»

ያላሰብኩት የመጣው ከጓድ አሥራት ነው። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ። «የሥራ መዝገቡን አይቻለሁ» አሉ። «ጉድጓዱ ቀድሞ መቆፈሩ መብራት የጠፋበትን ጊዜ አሳጥሮታል። ሥራውም አልዘገየም። ይህ... በዕቅድ ውስጥ ሊገባ ይችላል።» በእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልነበረም።

ስብሰባው ሥራ ነው አለ። አያ ፈንቴ ሞተር ቤት አልሄዱም። በእረፍቱ ላይ ከየአውራጃው የመጡት ዙሪያቸውን ከበው መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ የደባርቁ ሰው «እኛ ጋ በር ለበር አያዋጣም፤ ቤቱ የተራራቀ ነው» አለ። አያ ፈንቴ «ሰው ተሰብስቦ እምታገኘው የት ነው?» አሉት። «ገበያ» አለ። «እንግዲያው ምነው እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። ከወራት በኋላ ሰውየው ጻፈልኝ፤ ገበያ ላይ ቆሞ እንደሚናገር፣ መጀመሪያ እንደሳቁበት፣ አሁን ግን ሳይመጣ ሲቀር «ዛሬስ አትጠፋም?» ብለው እንደሚፈልጉት።

እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ አብረን ዞርን፤ ከወጡ በኋላ ብቻዬን እዞራለሁ። ጠዋት መስኮቴ ላይ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ካለ ዳገቱ ላይ። ቁጭ ብሎ የመዋል በሽታዬም በዚያ ተፈወሰ። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው። ቀይ ቀለም ሲያልቅ ገዝቼ እቀጥላለሁ። በአንድ ነገር ብቻ እሳቸውን መምሰል አልቻልኩም። በሩን አንኳኩቼ «መብራት ይጠፋል» ነው የምለው። «እጠፋባችኋለሁ» ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። የመብራት ጌታ የሆንኩ ይመስለኛል፤ ወይም ደግሞ ባልመለስ መሰደቡን ፈርቼ ይሆናል። ጡረታ የወጡ ዕለት ጠፍሩን ይዘው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ «የመንግሥት ነው» አላልኳቸውም። ለካ እሳቸው አልረሱትም።

ጠፍሩ በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ በጭነት መኪና ትክል ድንጋይ ሄድኩ። ከዚያ በእግሬ። ለቅሶ መድረስ አላውቅበትም፤ እንባዬ ሰው ፊት አይወርድም። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ከዳር ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት እየተንፏቀቁ ወደ እኔ መጡ። እማማ ደብሬ ናቸው። አቀፉኝ፤ ቆዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ የአያ ፈንቴን የተዝካር እህል ሐሙስ ልናስፈጭ ነው። ይሠራል ወይ ወፍጮው?»

ሐሙስ የቀሐ ምሰሶዎች ይቀየራሉ። ጓድ አሥራት ራሳቸው «ነግረሻቸዋል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። መሻገሪያው ላይ ግን ገና አልቆምኩም ነበር።

«ሐሙስ እጠፋባችኋለሁ» አልኳቸው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ዓርብ ኑ።»

«ዓርብስ ባትመለሺ?»

«መስኮቴን ያውቋታል። መጥተው ይስደቡኝ።»

እማማ ደብሬ ራሳቸውን ነቀነቁና አጠገባቸው ላለችው ነገሯት። «ሐሙስ ትጠፋለች፤ ዓርብ ነው።» እሷም ላጠገቧ። ቃሉ በሴቶቹ መስመር ውስጥ ለውስጥ ሄደ፤ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ፤ የልጃቸው ባል ከሩቅ ሆኖ ራሱን ሲነቀንቅልኝ አየሁት። የምታወርደዋ ሴት ራሷ ቆም ብላ ሰማች፤ «ዓርብ» አለችና ወደ ሙሾዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከቀሐ ማዶ አህዮቹ ብቅ አሉ፤ ከፊት እማማ ደብሬ። ባለ ወፍጮው እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ዓይን ዓይኔን ያያል።

«አብራው» አልኩት።